ድልድዩን የተሻገሩትና ማዶ የቀሩት

ስሙኝማ! ዛሬ የምተርክላችሁ የሰው አገር ጦርነት ውስጥ ስለገባ አንድ ጦርና ስለ አወጣጡ ነው። ጦሩ የሶቪየት ኅብረት 40ኛ ጦር ነው፤ አገሩ አፍጋኒስታን። ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እነግራችኋለሁና በዚያው ተከተሉኝ።

ነገሩ የሚጀምረው በስልክ ነው። ማርች 1979። በምዕራብ አፍጋኒስታን፣ በሄራት ከተማ፣ ሕዝቡ በካቡሉ ኮሚኒስት መንግሥት ላይ ተነሣ። እዚያ ከሰፈረው የመንግሥት ጦርም ብዙው ከሕዝቡ ጋር ወገነ። የካቡሉ መሪ ኑር ሙሐመድ ታራኪ ጭንቅ ሲይዛቸው ወደ ሞስኮ ደወሉ። ስልኩን የያዙት ጠቅላይ ሚኒስትሩ አሌክሲ ኮሲጊን ናቸው። ታራኪ ጦር ላኩልን አሉ፤ ኮሲጊን አይሆንም አሉ። ታራኪ ዘዴ አመጡ፦ ከእናንተ ዘንድ ታጂኮችን፣ ኡዝቤኮችን፣ ቱርክመኖችን ላኩልን፤ የአፍጋን መለዮ ለብሰው ታንኩን ይንዱ፤ ቋንቋውም መልኩም አንድ ነው፣ ማን ይለያቸዋል? ኮሲጊን አሁንም እምቢ አሉ። ታራኪ በቀናት ውስጥ ራሳቸው ሞስኮ ድረስ ሄደው ቢለምኑም የጠበቃቸው ያው መልስ ነው። ኮሲጊን ያኔ የተናገሩት ነገር በቃለ ጉባኤ ተመዝግቦ ይገኛል፦ ጦራችን ከገባ የሚዋጋው ከውጭ ጠላት ጋር ብቻ አይሆንም፤ ከገዛ ሕዝባችሁም ከከፊሉ ጋር ይዋጋል፤ ሕዝብ ደግሞ እንዲህ ያለውን ነገር ይቅር አይልም።

ይህን ቃል ያዙልኝ። እውነቱ በጊዜው ታውቆ፣ በአፍ ተነግሮ፣ በወረቀት ሰፍሮ ነበር። ዘጠኝ ወር እንኳ ሳይሞላ ያው መንግሥት ሐሳቡን ገለበጠ።

ታራኪን የገዛ ምክትላቸው ሐፊዙላ አሚን ከሥልጣን አወረዷቸው፤ ብዙም ሳይቆይ አስገደሏቸው። ሞስኮ አሚንን አላመነቻቸውም። ዲሴምበር 12 ቀን 1979 ጥቂት አዛውንቶች ተሰበሰቡና ወሰኑ። ውሳኔው በታይፕ አልተመታም፤ በእጅ ተጻፈ። የአገሩ ስም እንኳ አልተጠራም፤ ርእሱ ላይ የሰፈረው የስሙ የመጀመሪያ ፊደል ብቻ ነበር። የኤታ ማዦር ሹሙ ማርሻል ኒኮላይ ኦጋርኮቭ ተቃውመው ነበር፤ ሰሚ አላገኙም። በዲሴምበር 25 ጦሩ ድንበሩን ተሻገረ፤ በ27 አሚን በቤተ መንግሥታቸው ውስጥ ተገደሉ፤ ባብራክ ካርማል በቦታቸው ተተኩ። ጦሩ የገባበት ያ ወረቀት ስለ መውጫ አንድም ቃል አልነበረበትም።

የተከተሉትን የውጊያ ዓመታት በዝርዝር አልተርክላችሁም። ሰው አለቀ። በጠቅላላው ከ600,000 በላይ የሶቪየት ወታደሮች በየተራ በዚያ አገር አለፉ፤ ወደ 15,000 የሚጠጉት በዚንክ ሳጥን ተመለሱ። ከአፍጋኖቹ ያለቀው አንድ ሚሊዮን ገደማ ነው ይባላል፤ ከአምስት ሚሊዮን የሚበልጡት ወደ ፓኪስታንና ወደ ኢራን ተሰደዱ። የኮሲጊን ቃል እንዲህ ሆኖ ደረሰ።

አሁን ወደ አወጣጡ ልግባ።

ሚካኢል ጎርባቾቭ በማርች 1985 ሥልጣን ሲይዙ ስለ አፍጋኒስታን የሚጠይቅ ደብዳቤ ከየአቅጣጫው ይጎርፍ ነበር። ልጆቻችን የሚሞቱት ለምንድን ነው የሚሉ እናቶች ይጽፋሉ። ወታደሮችም፣ መኮንኖችም ይጽፋሉ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ጎርባቾቭ ከደብዳቤዎቹ ጥቂቱን ይዘው ፖሊት ቢሮው ስብሰባ ገቡና ጮክ ብለው አነበቧቸው። ካርማልንም ሞስኮ ጠርተው ቁርጡን ነግረዋቸው ነበር፦ እስከ 1986 አጋማሽ ድረስ አብዮታችሁን ራሳችሁ መከላከልን ልመዱ፤ በመሣሪያ እንረዳችኋለን፣ በወታደር ግን አይደለም። ካርማል ክው አሉ። ጎርባቾቭ በኋላ እንደተናገሩት፣ ካርማል ከእርሳቸው ይልቅ አፍጋኒስታን የምታስፈልገው ለሶቪየቶች ነው ብለው አምነው ነበር። አገሩ የራሳቸው መሆኑን የረሱ መሪ! የባዕድ ጦር በአንድ አገር ውስጥ ከሚያደርሰው ጉዳት ሁሉ ይህን አስከፊው አድርጌ አየዋለሁ፤ የአገሬው መንግሥት ባለቤትነቱን ይረሳል።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ መውጣት እንደሚገባ የታወቀው በ1985 ነው። የወጡት በ1989። በመካከሉ ምን ሆነ?

በኖቬምበር 1986 ፖሊት ቢሮው እንደገና ተቀመጠ። ማርሻል ሰርጌ አክሮሜዬቭ የወታደሩን እውነት አፍረጥርጠው ተናገሩ፦ በዚያ አገር ወታደራችን ያልረገጠው መሬት የለም፤ ሆኖም የሚበልጠው ግዛት በአማፂያኑ እጅ ነው፤ ካቡልንና ዋና ዋና ከተሞችን ይዘናል፣ ሕዝቡን ግን አጥተናል። ከሰባት ዓመት በፊት አግቡ ካሉት አንዱ የነበሩት አንድሬ ግሮሚኮ እንኳ ችግሩን አሳንሰን ገምተን ነበር አሉ። በአንድ ወይም በሁለት ዓመት ውስጥ እንውጣ ተባለ። ግን እንዴት? በፌብሩዋሪ 1987 ጎርባቾቭ ለጓዶቻቸው ሲናገሩ፣ በጥድፊያ ብንወጣ ሕንድ ትጨነቃለች፣ በአፍሪካም ይጨነቃሉ፤ የአገራችን ክብር ተነካ ይባላል አሉ።

አፍሪካ ሲባል እኛም አለንበት። አፍጋኒስታን ከሞስኮ ጋር የወዳጅነት ውል የተፈራረመችው በዲሴምበር 1978 ሲሆን ኢትዮጵያ ሁለት ሳምንት ያህል ቀድማ፣ በኖቬምበር 20፣ ያንኑ ዓይነት ውል እዚያው ሞስኮ ፈርማ ነበር። ካቡልና አዲስ አበባ በአንድ መዝገብ ላይ የሰፈሩ ወዳጆች ናቸው። እንግዲህ ሞስኮ ከአፍጋኒስታን ስትወጣ የሚያዩኝ ምን ይላሉ ብላ ከፈራቻቸው መካከል የእኛ መንግሥት አይጠፋም። ስለ ክብር ሲታሰብ ወጣቶቹ አለቁ፤ በሶቪየት መዝገብ ብቻ ከ1986 መጀመሪያ እስከ መውጫው ቀን ከ3,000 በላይ ወታደሮች ሞተዋል። ያ ሁሉ የሞተው መውጣት እንደሚገባ መሪዎቹ ካመኑ በኋላ ነው። የአፍጋኑን ሙት ማን ይቁጠረው!

ለፍርድ ያህል፣ ያ ጊዜ ሙሉ በሙሉ በከንቱ አልባከነም። ካርማል በሜይ 1986 ወርደው የደኅንነቱ ሹም የነበሩት ዶክተር ናጂቡላ ተተኩ። ናጂቡላ በእስር ቤቶቻቸው ሥቃይ የታወቁ ሰው ናቸው፤ ላሳምራቸው አልፈልግም። ግን ከቀደሙት በተሻለ አንድ ነገር ገብቷቸዋል፦ ያለ እርቅ መንግሥት እንደማይጸና። በጃንዋሪ 1987 ብሔራዊ እርቅ አወጁ፤ የተኩስ አቁም ሐሳብ አቀረቡ። ታጣቂዎቹ እምቢ አሉ። መሣሪያ የሚሰጣቸው ዓለም ሞልቶ፣ ጠላታቸው ሊወጣ እየተዘጋጀ፣ ለምን ይስማሙ?

የጄኔቫው ድርድርም በዚሁ ጠማማ መንገድ ሄደ። የተባበሩት መንግሥታቱ ዲዬጎ ኮርዶቬዝ ከ1982 ጀምሮ በካቡልና በኢስላማባድ መልእክተኞች መካከል ይመላለሱ ነበር። ስምምነቱ በኤፕሪል 14 ቀን 1988 ተፈረመ። አፍጋኒስታንና ፓኪስታን አንዱ በሌላው ጉዳይ ጣልቃ ላይገባ ቃል ገቡ፤ ሶቪየት ኅብረትና አሜሪካ ዋስ ሆኑ። ጦሩ ከሜይ 15 ጀምሮ በዘጠኝ ወር ይወጣል፤ ግማሹ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት። በወረቀት ሲታይ ያማረ ነው።

ሆኖም ጠመንጃ የያዙት ሰዎች በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ አልነበሩም። ሙጃሂዲን የተባሉት የታጣቂዎቹ ሰባት ድርጅቶች አልተጋበዙም፤ አልፈረሙም፤ አንቀበለውም አሉ። ሁለቱ ዋሶች ደግሞ ገና ቀለሙ ሳይደርቅ ሞስኮ ካቡልን እስካስታጠቀች ድረስ ዋሽንግተንም ሙጃሂዲኑን ታስታጥቃለች ወደሚል ስሌት ገቡ። ፓኪስታን ጣልቃ አልገባም ብላ ፈረመች፤ መሣሪያው ግን በድንበሯ ማለፉን ቀጠለ። ስለዚህ ጄኔቫ ላይ የተፈረመው የአንድ ጦር መውጫ ነው። የአፍጋኖቹን ጦርነት የሚያቆም አንድም ነገር አልነበረበትም፤ ሁለቱም ዋሶች ይህን እያወቁ ፈረሙ። እኔ በዚህ እቆጣለሁ።

መንገዱን ግን በደንብ ሄዱበት፤ ይህን መካድ አይገባም። ሜይ 15 ቀን 1988 የመጀመሪያው ሰልፍ ከጀላላባድ ተነሣ። የጦር ሰፈሮቹን ከነመሣሪያቸውና ከነስንቃቸው ለአፍጋን ጦር እያስረከቡ፣ በኦገስት አጋማሽ ግማሹ ጦር ወጣ። የተባበሩት መንግሥታት ታዛቢዎችም ቆጠሩ። በኖቬምበር ሙጃሂዲኑ ሲበረቱ መውጣቱ ጥቂት ቆመ፤ በአዲሱ ዓመት ቀጠለ። ካቡል በዚያ ክረምት እንዳትራብ ዱቄትና ነዳጅ በአውሮፕላን ይራገፍላት ነበር።

አንድ ቦታ ላይ ግን ቆም እንበል። ሳላንግ።

ከካቡል ወደ ሶቪየት ድንበር የሚወስደው መንገድ የሂንዱ ኩሽን ተራራ በሳላንግ ዋሻ ሰንጥቆ ያልፋል። ግራና ቀኙ በሙጃሂዲኑ አዛዥ በአሕመድ ሻህ መሱድ ሰዎች እጅ ነው። የሶቪየት አዛዦችና መሱድ በዚያ መንገድ ላይ ያልተጻፈ መግባባት ነበራቸው፦ አትንኩን፣ አንነካችሁም። ጦሩ በሰላም ሊያልፍ ነው። ናጂቡላ ግን ሌላ ስጋት አለባቸው፤ ሶቪየቶቹ ሲወጡ ዋናው ጠላታቸው መሱድ ሙሉ ኃይሉን ይዞ ሊጠብቃቸው ነው። ከመውጣታችሁ በፊት ምቱልኝ ብለው ወተወቱ። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ኤድዋርድ ሼቫርድናዜም ጥያቄውን ደገፉ። ጄኔራል ቦሪስ ግሮሞቭ፣ የ40ኛው ጦር አዛዥ፣ ተቃወሙ፤ የበላያቸው ጄኔራል ቫሬኒኮቭም ተቃወሙ። ሊወጣ ጥቂት ቀን የቀረው ጦር፣ እስከ ዛሬ መንገድ ያልዘጋበትን ሰው ለምን ይመታል? ሞስኮ ግን አዘዘች። በጃንዋሪ 1989 መጨረሻ፣ አውሎ ነፋስ በተባለው ዘመቻ፣ መድፉና አውሮፕላኑ በመንገዱ ዳር ባሉ መንደሮች ላይ ወረደ። ሴቶችና ሕፃናት አለቁ። መሱድን ግን አላገኙትም።

የአወጣጥ ኃላፊነት የሚባለውን ነገር መዝኑት ብባል ከድልድዩ ሥነ ሥርዓት ይልቅ እነዚያን የሳላንግ መንደሮች እመዝናለሁ። ለወዳጅ የገቡትን ቃል ለመጠበቅ ሲባል ምንም ያላደረገን ገበሬ በበረዶ ላይ ገደሉ። ጄኔራሎቹ እንደማያስፈልግ ተናግረዋል፤ ፖለቲከኞቹ አልሰሙም። ኦጋርኮቭ ሲገቡ ያልተሰሙትን ያህል ግሮሞቭ ሲወጡ አልተሰሙም።

ከታጣቂዎቹ ጋር የመነጋገሩ ነገርስ? የሞከሩት የሶቪየት ምክትል የውጭ ጉዳይ ሚኒስትርና በካቡል አምባሳደር የነበሩት ዩሊ ቮሮንትሶቭ ናቸው። እርሳቸው በዲሴምበር 1988 ወደ ሳውዲ አረቢያ፣ ወደ ጣኢፍ ሄደው ቡርሃኑዲን ራባኒ የመሩትን የሙጃሂዲን ልዑክ ፊት ለፊት አነጋግረዋል። ሮም ተሻግረው በስደት የነበሩትን ንጉሥ ዛሂር ሻህንም አግኝተዋል። የሚገርመኝ ጊዜው ነው። ጦሩ ሊወጣ ሁለት ወር ሲቀረው! መቶ ሺህ ወታደር በአገሩ ውስጥ ሳለ ይህ ንግግር ቢጀመር ኖሮ ሞስኮ የምትሰጠውም የምትቀበለውም ነገር ነበራት። የእኛ ሰው «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» የሚለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ፌብሩዋሪ 15 ቀን 1989 ግሮሞቭ በአሙ ዳሪያ ወንዝ ላይ ያለውን ድልድይ ወደ ቴርሜዝ ተሻገሩ። ልጃቸው አበባ ይዞ ተቀበላቸው። ከኋላዬ አንድም የሶቪየት ወታደር የለም አሉ። ዓለም በቴሌቪዥን አየ። ተማርከው ወይም ጠፍተው የቀሩት ግን በመቶዎች ይቆጠሩ ነበር፤ የብዙዎቹ እናቶች ልጃቸው የት እንደወደቀ ሳያውቁ አርጅተዋል። በዚያው ወር በእኛ አገር ሽሬ ላይ የመንግሥት ጦር 604ኛው ኮር ተደመሰሰ፤ በሶቪየት መሣሪያ የታጠቀ የሌላ ወዳጅ ጦር።

አሜሪካኖች ናጂቡላ በወራት ውስጥ ይወድቃሉ ብለው ኤምባሲያቸውን በጃንዋሪ ዘግተው ሄደው ነበር። ሙጃሂዲኑ በማርች ጀላላባድ ላይ ወረዱ። የአፍጋን ጦር ግን ብቻውን ተዋጋ፤ ከተማዋንም አልለቀቀም። ናጂቡላ አንድ ዓመት ቆዩ፣ ሁለት ዓመት ቆዩ፣ ሦስተኛውንም ዓመት ጨረሱ። ጦሩን ያቆመው ደመወዙ፣ ዱቄቱ፣ ነዳጁና ጥይቱ በየጊዜው መድረሱ ነው። በእኔ እምነት የሰላም ዕድሉ ያኔ ነበር። ሙጃሂዲኑ በኃይል እንደማያሸንፉ ጀላላባድ ላይ አይተዋል፤ ናጂቡላም ሙጃሂዲኑን እንደማይጨርሷቸው ያውቃሉ። ሁለቱ ዋሶች በዚያን ጊዜ እጃቸውን አንድ ላይ ቢያስገቡ፣ የየወዳጃቸውን ክንድ ይዘው ወደ አንድ ጠረጴዛ ቢያመጡ! አላደረጉትም። መሣሪያ መላኩን ቀጠሉ።

ከዚያም በሴፕቴምበር 1991 የአሜሪካው ጄምስ ቤከርና የሶቪየቱ ቦሪስ ፓንኪን ሞስኮ ላይ ተስማሙ፦ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1992 ጀምሮ ሁለታችንም ለአፍጋን ወገኖች መሣሪያ አንሰጥም። ሲሰሙት መልካም ነው። ግን የአፍጋኖቹ እርቅ ከዚህ ጋር አልታሰረም፤ ተኩስ የሚያቆም ስምምነት አልነበረም፤ ሰላሙን የሚያስጠብቅ ሠራዊት አልነበረም። ሶቪየት ኅብረትም በዲሴምበር ፈረሰች። ነዳጅ ሲጠፋ የናጂቡላ አውሮፕላኖች መሬት ላይ ቀሩ። ደመወዝ ሲጠፋ የሚሊሺያው አዛዥ ዶስተም ከዱ። በማርች 1992 ናጂቡላ ሥልጣን እለቃለሁ አሉ፤ በኤፕሪል በተባበሩት መንግሥታት አውሮፕላን ሊወጡ ሲሉ በአየር ማረፊያው የዶስተም ሰዎች መለሷቸው። ካቡል ባለው የተባበሩት መንግሥታት ግቢ ተጠለሉ፤ አራት ዓመት ተኩል እዚያው ኖሩ። ውጭ፣ ያሸነፉት ሙጃሂዲኖች እርስ በርስ እየተዋጉ ካቡልን በሮኬት አፈረሷት። ጦርነቱን በሙሉ ቆማ ያለፈች ከተማ የፈረሰችው ሶቪየቶቹ ከወጡ በኋላ ነው። በሴፕቴምበር 1996 ታሊባን ሲገባ ናጂቡላን ከግቢው አውጥቶ ገደላቸው፤ ሬሳቸውንም አደባባይ ላይ ሰቀለው።

ይህ ሁሉ የተነገረ፣ የተጻፈ ታሪክ ሆኖ ሳለ ሌላ ኃያል አገር በዚያው አገር ውስጥ እንደገና ሠራው።

በፌብሩዋሪ 29 ቀን 2020 አሜሪካ፣ እዚያ ያለውን ጦሯን ለማስወጣት፣ ከታሊባን ጋር ዶሃ ላይ ፈረመች። በዚህ ጊዜ ጠመንጃ የያዙት ተጋበዙ፤ የቀረው የካቡል መንግሥት ነው። የታሊባን እስረኞችን ይፈታል ተብሎ በሌለበት ተፈረመበት። በኤፕሪል 14 ቀን 2021 ፕሬዚዳንት ባይደን የመጨረሻውን መውጣት አስታወቁ፤ ጄኔቫ ከተፈረመ 33 ዓመት በሞላው ቀን። የአፍጋን አየር ኃይልን አውሮፕላኖች የሚጠግኑት የውጭ ባለሙያዎች ከጦሩ ጋር ወጡ፤ አውሮፕላኖቹ እየቆሙ ሄዱ። በጁላይ መጀመሪያ የባግራምን ትልቅ ሰፈር በሌሊት ለቀው ሄዱ፤ አፍጋናዊው አዛዥ በማግሥቱ ነው የሰማው። ኦገስት 15 ካቡል ወደቀች። ናጂቡላ ያለ ሶቪየት ወታደር ሦስት ዓመት ሲቆሙ፣ ይህኛው መንግሥት የመጨረሻው የአሜሪካ ወታደር እስኪወጣ እንኳ አልቆየም።

ለአሜሪካኖቹ ያስተረጎሙ፣ መንገድ የመሩ፣ ከጎናቸው የቆሰሉ ሰዎች ወረቀታቸውን ወደ ላይ ይዘው በአየር ማረፊያው በር በቆሻሻ ቦይ ውስጥ ቆሙ። በኦገስት 26 እዚያው በር ላይ የፈነዳው ቦምብ 13 የአሜሪካ ወታደሮችንና 170 የሚሆኑ አፍጋናውያንን ገደለ። በአውሮፕላን የወጣው ሕዝብ ከ120,000 ይበልጣል፤ አብራሪዎቹና ነርሶቹ ያደረጉት በእውነት የሚደነቅ ነው። ቪዛ ጠይቀው ሲጠባበቁ ከነቤተሰባቸው የቀሩት ግን በአሥር ሺዎች ናቸው። የእነዚያ ሰዎች ፋይል ለዓመታት ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ቀኑ ቀርቦ ሳይሆን በሰላሙ ዓመት መታየት ነበረበት።

የኔን ፍርድ ልንገራችሁ። ሁለቱም መውጣታቸው ልክ ነው፤ ቆይተው የሚያመጡት ለውጥ አልነበረም። ሶቪየቶቹ መንገዱን ከአሜሪካኖቹ የተሻለ ሄዱ፤ ያስረከቡትን መንግሥትም ሦስት ዓመት መገቡት። ሁለቱም የከዱት ግን በአንድ ነገር ነው፦ ጦራቸው እዚያ ሳለ፣ የሚሰሙበት ጊዜ ሳለ፣ አፍጋኖቹን ሁሉ በአንድ ጠረጴዛ ለማስቀመጥ አልታገሉም። ዛሬ በካቡል ፌብሩዋሪ 15 የበዓል ቀን ነው፤ የአሜሪካኖቹ መውጣት የሚታሰብበት ኦገስት 31ም የበዓል ቀን ነው። በሞስኮ ፌብሩዋሪ 15 ከአገር ውጭ ላገለገሉ ወታደሮች የመታሰቢያ ቀን ሆኖ ይውላል።

ይህን የምተርክላችሁ ለእኛም ሩቅ ስላልሆነ ነው። የኢትዮጵያ ጦር በ2006 መጨረሻ ሶማሊያ ገባ፤ በጃንዋሪ 2009 ወጣ፤ በ2011 ተመልሶ ገባ። እዚያ የወደቁ ልጆች አሉን፤ ዛሬም እዚያ የቆሙ ልጆች አሉን። እናንተ በምክር ቤት የተቀመጣችሁ፣ እናንተም ልጃችሁን የላካችሁ፣ እባካችሁ አሁኑኑ ጠይቁ፦ ስንወጣ የምንፈራረመው ከማን ጋር ነው? ከእኛ ጎን የቆመውን የሶማሊያ ወታደር ደመወዝ ማን ይከፍለዋል? ያስተረጎመልን ሰው ከነቤተሰቡ የት ይገባል?